ስለ ኤሌክትሪክ ሙዚቃና ስለ ወሎ ቅኝት

የወሎ አገር ለኢትዮጵያ ዜማ ያበረከተው ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው ብዙ መመራመር አያስፈልገውም። ዘፋኞቻችን የሚገለገሉባቸው አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፤ ባቲ፤ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከነዚህም ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ምድር ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ቆላ ሲወርዱ የሚገኘው የገበያ ከተማ ነው፤ አምባሰልም ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው አገር ነው። እንግዲህ ቅኝቱ የወሎን ስም ይዞ በዓለም ሲዞር የወሎ ወጣት ያንኑ ቅኝት በዘመኑ መሣሪያ ለመጫወት ቢመኝ የት ገብቶ ይማራል? በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ቃል መናገር የሚገባን መስሎ ስለ ታየን ዛሬ ይህን ጽፈናል።

በጥር ወር ለደሴ ቅርብ በሆነው በገራዶ በአንድ ወዳጃችን ሰርግ ላይ ተገኝተን ነበር። በዳሱ ጥግ ዕድሜው ከሃያ ብዙ ያላለፈ አንድ ወጣት ኪቦርዱንና ላፕቶፑን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፤ ሁለት ታላላቅ የድምፅ ማጉያ አቁሞ፤ የአንድ ሙሉ ባንድ ሥራ ብቻውን ይሠራ ነበር። በግራ እጁ ምቱን ይለዋውጣል፤ በቀኝ እጁ ዜማውን ይጫወታል፤ አልፎ አልፎም ራሱ ይዘፍናል። ከእርሱ ራቅ ብለው በዕድሜ የገፉ አንድ ባለመሰንቆ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋ። የወጣቱ መሣሪያ ሁሉ ጸጥ ሲል ሽማግሌው ማንም ሳያዛቸው መሰንቆአቸውን አንሥተው በባቲ ቅኝት ያዜሙ ጀመር፤ ሰዉም እንደ ገና ተነሥቶ እስክስታውን ቀጠለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራቱ በተመለሰ ጊዜ ወጣቱ ሽማግሌውን ማቋረጥ ነውር መስሎ ስለ ታየው በዚያው ዜማ ሊከተላቸው ሞከረ። ነገር ግን ሁለቱ ድምፆች አልተስማሙም። አንድ ጊዜ ከፍ፤ አንድ ጊዜ ዝቅ እያደረገ ፈለገ፤ ባያገኘው ጊዜ አፍሮ እጁን አነሣ።

ከተቀመጡት እንግዶች አንዳንዶቹ «መኪና ዘፈን ከየት ያውቃል» አሉ፤ ሌሎቹም «የመሰንቆ ዘመን አልፏል» አሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኪቦርድ የሚባለው መሣሪያ ከአንድ ድምፅ ተነሥቶ ያው ድምፅ በከፍተኛው ስፍራ እስኪደገም ድረስ ያለውን መንገድ በ12 እኩል ደረጃዎች ከፍሎ ይዟል። ይህንንም ሥርዓት የኤውሮፓ ሰዎች ለራሳቸው ዜማ ብለው አበጅተውታል። የእኛ ቅኝት ግን 5 ድምፆች ብቻ ይመርጣል፤ በነዚህም መካከል ያለውን ርቀት የሚወስኑት የዘፋኙ ጕሮሮና የባለመሰንቆው ጣት ናቸው። መሰንቆ ያለው አውታር አንድ የፈረስ ጭራ ነው፤ ጣት በእርሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል በሁለት የኪቦርድ ቁልፎች መካከል የሚገኘውን ድምፅ ያወጣል። ደግሞም ባለመሰንቆ መነሻውን የሚቃኘው በገዛ ድምፁ ልክ ነውና ከፋብሪካ ተወስኖ የመጣው ልክ አይገዛውም። በገራዶ ወጣቱን ያሳፈረው ይህ ነው።

ሆኖም መኪናው ፈጽሞ የማይታዘዝ አይደለም። ከነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ መነሻውን ድምፅ በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አላቸው። አንዳንዶቹም ለዐረብ ዜማ እንዲመቹ ተብለው ስለ ተሠሩ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ለመቃኘት ያስችላሉ። ወጣቱ ግን ይህን የሚያሳየው ሰው አላገኘም፤ የመሣሪያውም መምሪያ የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ ነው። ሽማግሌውም ጆሮአቸው ጠንቅቆ የሚያውቀውን ነገር እንዲናገሩ እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም። ስለ ምቱ ደግሞ ብዙ አንናገርም፤ የእኛ ጭብጨባና እስክስታ ብዙ ጊዜ በሦስት በሦስት ሲከፈል መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው በአብዛኛው በአራት በአራት የሚረግጠውን ነው ማለት ይበቃል።

ብቻውን የሚሠራው ባለኪቦርድ የባንድን ቦታ እንዴት እንደ ያዘ ማስታወስም ያስፈልጋል። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ታውጆ ለብዙ ዓመታት ሌሊቱ ተዘጋ። ሌሊት ሳይኖር የሌሊት ሙዚቃ ሊኖር አይችልምና ባንዶቹ አንድ በአንድ ተበተኑ፤ ከሙዚቀኞቹም ብዙዎቹ ተሰደዱ። በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን ወይዘሮ ማሪቱ ለገሠን የመሰሉ ድምፃውያን ያፈራ መሆኑ አይካድም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ ሌሊቱ እንደ ገና ሲከፈት ግን የጭፈራ ቤት ባለቤት ስምንትና ዐሥር ሙዚቀኛ ከነመለከቱና ከነጊታሩ ቀጥሮ ከመክፈል አንድ ሰው ከነኪቦርዱ መቅጠር ቀለለው። ዛሬ ያሉት ወጣቶች ባንዱን አባረሩት ብሎ የሚከስ ሰው ይህን አላወቀም፤ እነርሱ የደረሱት ቤቱ ባዶ ሆኖ ከቈየ በኋላ ነው።

በዚያ ዘመን ካገራቸው ከወጡት የአንዱ ኑሮ ለዚህ ነገር መልካም ምስክር ስለሚሆነን ጥቂት እናውሳው። አቶ ኃይሉ መርጊያ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1946 በደብረ ብርሃን ተወለዱ። አኮርዲዮንና ኦርጋን ተጫዋች ሆነው ዋሊያስ በሚባለው ባንድ ውስጥ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለብዙ ጊዜ ሠሩ። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ከአባሎቹ አንዳንዶቹ እዚያው ሲቀሩ እርሳቸውም ቀሩ። በ1985 በዋሽንግተን ከተማ ወደ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ብቻቸውን ገብተው፤ አኮርዲዮናቸውን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፤ ሙግ ከሚባለው ሲንተሳይዘርና ምት ከሚመታው ከድራም ማሽን ጋር አስማምተው፤ የቀድሞ የአገራችንን ዜማዎች ቀረፁ። ካሴቱም ባገር ቤት ተሸጠ፤ ቀስ በቀስም ተረሳ። አቶ ኃይሉም ከመድረክ ርቀው ታክሲ ነጂ ሆኑ። ነገር ግን ኪቦርዳቸውን በታክሲው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው እየዞሩ በአውሮፕላን ማረፊያው ተሳፋሪ እስኪመጣ በባትሪ እያሠሩ ይለማመዱ ነበር። ይህን ለብዙ ዓመት ሲያደርጉ የሰማቸው አልነበረም። በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያን አሮጌ ካሴት በባሕር ዳር ከተማ አግኝቶት ኖሮ በ2013 እንደ ገና አሳተመው፤ ከዚያም ወዲህ እርሳቸው በኤውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች እየተጠሩ ተጫወቱ፤ በ2018ና በ2020ም አዲስ ሥራ አወጡ።

አቶ ኃይሉ መኪናውን ያልፈሩት ዜማው አስቀድሞ በጆሮአቸው ስለ ነበረ ነው፤ ድራም ማሽኑ ያገለግላቸው ነበር እንጂ አይመራቸውም። ይህ ለወጣቶቻችን ትምህርት ይሁን። ያ ካሴት በራሳችን ከተማ በገበያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ዋጋውን ያወቀለት መንገደኛ እንግዳ መሆኑን ግን ስንጽፈው እናፍራለን።

ከእርሳቸው በኋላ በአዲስ አበባ ሌሎች ተነሥተዋል። አቶ ሚካኤል ሰይፉ በ2014 «የአራዳ ልጅ» ቀጥሎም በ2016 «ዘላለም» የተባሉትን ሥራዎች በውጭ አገር አሳትመዋል። አቶ እንደገና ሙሉ ይህን ዐይነት ሙዚቃ ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ብለው በስም ለይተው የባህል ድምፅን በኮምፒውተር ያቀናብራሉ። አቶ ሮፍናን ኑሪም በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» በተባለው አልበማቸው እጅግ ብዙ ወጣት አስከትለዋል። እነዚህን ስንሰማ አምባሰልና ባቲ ከመኪና ጋር ሊኖሩ እንደሚችሉ አንጠራጠርም። ለዚህም ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል የሚል ቢኖር የጃፓኑን ነገር እንንገረው። ሮላንድ የሚባለው ፋብሪካ በ1980 ያወጣው 808 የሚሉት ድራም ማሽን ገበያ አጥቶ በ1983 መሠራቱ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ጥቍሮች ወጣቶች አሮጌውን በርካሽ እየገዙ ዛሬ ዓለም የሚጨፍርበትን ሙዚቃ አወጡበት።

እዚህ ላይ ለሹማምንቶቻችን አንድ ነገር ለይተን ልናመለክት እንወዳለን። በመድረክ ላይ መኪና ይዞ የሚቆም ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ አስቀድሞ የተቀዳ ዘፈን ከፍቶ እጁን ያወዛውዛል። ሌላው በዚያው ሰዓት በእጁ ይጫወታል፤ የሰዉን ሁኔታ እያየ ምቱን ያፈጥናል፤ ያዘገያል፤ ቢሳሳትም ስሕተቱ ይሰማል። የከተማ በዓል ሲደረግ ከሕዝብ ገንዘብ ለሁለቱ እኩል ሲከፈል አይተናል፤ ብዙ ጊዜም የመጀመሪያው ቀድሞ ይጠራል። የገራዶው ወጣት ያፈረው በእውነት ይጫወት ስለ ነበረ ነው፤ የተቀዳ ቢከፍት ኖሮ ምንም አያፍርም ነበር።

ካህናትም በዚህ ነገር የሚናገሩት አላቸው። ጭፈራ ሁሉ ከንቱ ነው የሚሉ ሊቃውንት እንዳሉ እናውቃለን፤ ክርክሩም ዛሬ የተነሣ አይደለም። እኛ ግን ከዚያ ክርክር ሳንገባ ሁለት ነገር እንለምናቸዋለን። አንደኛው ጆሮ እንዴት እንደሚሠለጥን ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ግዕዝን፤ ዕዝልንና ዓራራይን ለመለየት ከመሪጌታ እግር ሥር ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ፤ ስንት ጊዜ ተሳስቶ ስንት ጊዜ እንደሚታረም ለወጣቱ ቢነግሩት፤ ቅኝትን በአንድ ሌሊት ከላፕቶፕ እንደማያገኘው ይረዳል። ሁለተኛው ድንበር ማሳየት ነው። አንዳንድ ወጣት የቅዳሴን ወይም የበገናን ድምፅ ቈርጦ በጭፈራ ምት ላይ መለጠፍ ጥበብ ይመስለዋል፤ መንዙማንም እንዲሁ ሊያደርግ ይከጅላል። ይህ በእኛ አስተያየት የሚገባ አይደለም፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ዳስ ተቀምጦ በሚበላበት በወሎ ይልቁን አይገባም። ነገር ግን በደፈናው ከተወገዘ ድንበሩ የት እንደ ሆነ ሳያውቅ ይጥሰዋል። የሰርግ ዜማ፤ የእረኛ ዜማ፤ የአዝመራ ዜማ ይኸውልህ፤ ያኛውን ግን አትንካ ብሎ የሚነግረው ሽማግሌ ያስፈልገዋል።

«በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ሲያዙ ንብረት ተዘርፏል፤ ዩኒቨርሲቲው እንኳ አልተረፈም፤ በዚህ ሁኔታ ስለ ኪቦርድ መናገር ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ እኛም አናቃልለውም። የምንለምነው ግን አዲስ ቤት እንዲሠራ አይደለም። በደሴ ባህል አምባ አለ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ቢለቀቅ፤ ሦስት ወይም አራት ኪቦርድና አንድ ጀነሬተር ቢገኝ፤ መሰንቆና ክራር የሚያውቁ ሽማግሎች በመምህርነት ደመወዝ እየተከፈላቸው ቢቀመጡ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ ከመምህራኑ አንዱ የመሣሪያውን መምሪያ ወደ አማርኛ ቢመልስ፤ ሌላውም የአራቱን ቅኝቶች ድምፅ ከሽማግሎቹ ጣት ለክቶ በኪቦርዱ ላይ እንዴት እንደሚቃኝ ቢጽፍ ለተማሪዎች መልካም ሥራ ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት ወጣቶችም ዕረፍታቸው እሑድ ነውና ትምህርቱ በዚያ ቀን ቢሆን ይደርሱበታል።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 872 ተሻሽሏል። ሕግ አለን ማለት ነው። ይሁን እንጂ ወጣቱ የሽማግሌውን ዜማ ቀርፆ ሲያወጣ የሽማግሌው ስም እንዲጻፍና ድርሻቸው እንዲታወቅ በገራዶ ሰርግ ላይ ይህን የሚያስታውስ ሰው የለም። በባህል አምባው ክፍል የሚቀረፀው ሁሉ የአጫዋቹ ስም፤ ያገሩ ስምና የተቀረፀበት ቀን በመዝገብ ቢጻፍ ብዙ ጠብ ይቀራል።

በዚያ የሰርግ ቀን ማታ ባለመሰንቆውን ልጅዎ ይህን ሥራ ይዞልዎታልን ብለን ጠይቀናቸው ነበር። ልጃቸው ኮምቦልቻ በፋብሪካ ተቀጥሮ እንደሚሠራ፤ መሰንቆ እንዳልያዘ ነገሩን። ለኪቦርድ ተጫዋቾች ያስተምሩ ቢባሉ ይመጡ እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና፤ ከገበያ ቀን በቀር በማናቸውም ቀን እመጣለሁ፤ የመሳፈሪያው ዋጋ ብቻ ይታሰብልኝ አሉን።