መካሪ በዛ

«መካሪ የሌለው ንጉሥ አንድ ዓመት አይነግሥም» ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ ግን መካሪው እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ንጉሡ ሳይነግሥ ሊያረጅ ነው። ከመጻሕፍት አዟሪው ክንድ ላይ አንዱ መጽሐፍ በሠላሳ ቀን ሊያበለጽገን፣ ሁለተኛው በአንድ ሳምንት ሊያስከብረን፣ ሦስተኛው ደግሞ ሳናጠና ሊያስታውሰን ቃል ይገባልናል።

ምክሩ በመኝታ ቤታችን ምን እንደ ሠራ እንመልከት። ስምንት ሆነን በምናድርበት ክፍል አንዱ «ታላላቅ ሰዎች ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ይነሣሉ» የሚል አንብቦ ደወል ይሞላል። ደወሉ ሲጮኽ ባለቤቱ አጥፍቶት ይተኛል፤ መጽሐፉን ያልገዙት ሰባቱ ግን ዐይናቸው እንደ ፈጠጠ ይነጋባቸዋል። ሌላው የጥናት ፕሮግራሙን በሦስት ቀለም ሲነድፍ ሁለት ቀን ይፈጅና በሦስተኛው ቀን ስለ ደከመው ያርፋል።

መካሪዎቹስ እንዴት ሆኑ? ስለ ጤናማ ምግብ ይሰብክ የነበረው አሜሪካዊው ሮዴል መቶ ዓመት እንደሚኖር ይናገር ነበር፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ለቴሌቪዥን ሲቀረጽ ወንበሩ ላይ እንዳለ በ72 ዓመቱ ዐረፈ። በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ አሜሪካኖችን ያስሮጠው ጂም ፊክስም በ1984 በ52 ዓመቱ ሲሮጥ ልቡ ቆመች። በሟች መሳቃችን አይደለም። የፊክስ አባት በ43 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞቷል፤ ሩጫው ለልጁ ዕድሜ ቀጥሎለት ይሆናል። ምክሩ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው አባቱን መርጦ አይወለድም።

የምንጣላው ከዚህ ጋር ነው። ለአርባ ተማሪ አንድ መጽሐፍ በሚዳረስበት ክፍል፣ ቁርሱን ሳይቀምስ ተቀምጦ የወደቀውን ልጅ መካሪው «ፈቃድህ ደካማ ነው» ይለዋል። ልጁም ያምናል፤ በወደቀበት ላይ ዕፍረት ይጨምርበታል፤ ከዚያም ሌላ የምክር መጽሐፍ ይገዛል። እንዲህ ያለ ትርፋማ ንግድ የት ይገኛል? መድኃኒቱ ባልሠራ ቁጥር ጥፋቱ የበሽተኛው ነውና።

የዚህ ሁሉ ምክር አባት የሚባለው ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ ነው፤ «ራስን መርዳት» የተባለውን መጽሐፉን በ1859 አሳተመ። መጽሐፉ ከየት እንደ ተወለደ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ሁለት ሦስት ድሆች ወጣቶች በብርድ ወራት ምሽት እየተሰበሰቡ፣ የሚያውቀው ለማያውቀው ንባብና ሒሳብ ያስተምር ጀመር። ሰው ሲበዛ ጎጆው ጠበባቸውና የኮሌራ ሕሙማን ይተኙበት የነበረ፣ ሁሉም የሚሸሸውን አዳራሽ ተከራዩ። ቁጥራቸው ወደ መቶ ሲጠጋ ስማይልስን ንግግር እንዲያደርግላቸው ጠሩት፤ መጽሐፉም ከዚያ ንግግር ወጣ። «ራስህን ርዳ» የሚለው ትምህርት የተወለደው እርስ በርሳቸው ከተረዳዱ ሰዎች ነው። ልጁ አድጎ ወላጆቹን ካደ ማለት ይህ ነው።

ፈተና ቀርቧል። በየመኝታ ቤቱ ሒሳብ የሚያውቅ አለ፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አለ፤ መጽሐፉን ከትራሱ ሥር የደበቀም አለ። ከራት በኋላ አንድ አንድ ሰዓት ተሰብስበን ያለንን እንካፈል። መምህራኖቻችንም በቢሮአቸው በር ላይ የለጠፉትን ተማሪ የማነጋገሪያ ሰዓት ቢያከብሩልን ከመቶ ምክር ይበልጥብናል። የኮሌራ ሕሙማን አዳራሽ መከራየት አያስፈልገንም፤ ማታ ማታ ባዶውን የሚያድር የመማሪያ ክፍል ሞልቷል።