ላይሰንሱ ሲያልቅ ፋይሉ ይመለሳል ወይ?

አነስተኛ ድርጅቶች የባክአፕ ሶፍትዌር ሲገዙ አስቀድመው የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። እኛ ግን ከዋጋው በፊት ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው እንላለን። ክፍያው የተቋረጠ ዕለት የተቀመጠውን ፋይል ማውጣት ይቻላል? ሶፍትዌሩስ ቢሮው ውስጥ ያሉትን ማሽኖች በሙሉ ይደግፋል? ለእነዚህ ለሁለቱ ቁርጥ ያለ መልስ የሌለውን ምርት፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ የዝግጅት ክፍላችን ለአነስተኛ ድርጅት አይመክርም።

ነገሩን አዲስ አበባ ካለ የተለመደ ቢሮ እንጀምር። አስመጪ፣ ክሊኒክ ወይም የሒሳብ አገልግሎት ሰጪ ሊሆን ይችላል። ፒችትሪ የተጫነበት የቆየ ዴስክቶፕ፣ ሦስት አራት ላፕቶፖች፣ አንዳንዴ የዲዛይን ሠራተኛው ማክ፣ አልፎ አልፎም በሊኑክስ የሚሠራ የጋራ ፋይል ማስቀመጫ ይኖራል። ባክአፕ የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሒሳብ ሠራተኛዋ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ፍላሽ የምትገለብጠው ፎልደር ነው። ፒችትሪ ተከፍቶ ሰው እየሠራበት ሳለ የተገለበጠ ፎልደር በተፈለገበት ቀን አልከፈት ሊል ይችላል፤ ዳታቤዙ ሲገለበጥ ገና እየተጻፈበት ነበርና። ፍላሹም ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ከዋለ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። እንዲህ ያለ ቢሮ ደህና ሶፍትዌር እንደሚያስፈልገው አያከራክርም። የሚያከራክረው የትኛውን፣ በምን ውል ይግዛ የሚለው ነው።

ገበያው ላይ ያሉት ምርቶች የሚያስከፍሉበት መንገድ ይለያያል። አክሮኒስ በማሽን ዓይነት ያስከፍላል፤ ለሠራተኛ ኮምፒውተር፣ ለሰርቨር እና ለቨርቹዋል ማሽን አስተናጋጅ የተለያየ ላይሰንስ አለው፣ ለሠራተኛ ኮምፒውተር የተገዛውም ሰርቨር ላይ አይሠራም። ቪም የሚጠበቁትን ማሽኖች ቆጥሮ ያስከፍላል፤ ላይሰንሱን ግን ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። ባክብሌዝ የፋይሉን መጠን ሳይቆጥር ለአንድ ኮምፒውተር በዓመት 99 ዶላር ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በዶላር የሚታደስ ክፍያ ለእኛ አገር ነጋዴ በየዓመቱ አዲስ ውሳኔ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ያው 99 ዶላር በባንክ ተመን 5,700 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ9,900 ብር አለፈ። ሶፍትዌሩ ዋጋ ሳይጨምር የደንበኛው ወጪ እንዲያ ተመነደገ። ብሩ ቢገኝ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ሌላ ጣጣ አለው። ስለዚህ «ክፍያው ቢቋረጥ» የምንለው በሩቅ የሚፈራ ነገር አይደለም፤ ከአንድ የበጀት ዓመት ወደ ሌላው ሲሻገሩ በእርግጥ ሊደርስ የሚችል ነው።

የውሉ ቃል ራሱም እንደተጻፈ አይቆይም። ክራሽፕላን ለቤተሰብ ይሸጥ የነበረውን አገልግሎት እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 አስታውቆ በኦክቶበር 2018 ዘጋው፤ ወደ ሌላ አቅራቢ የሄደው ደንበኛም ፋይሉን እንደገና ከመጀመሪያው መላክ ነበረበት። ማክሪየም ሪፍሌክት ብዙዎች ይወዱት የነበረውን ነጻ እትም አቋረጠ፣ በ2024 ያወጣውን አዲስ እትምም በየዓመቱ በሚታደስ ክፍያ ብቻ መሸጥ ጀመረ። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር አምራቹን ቪኤምዌርን በኖቬምበር 2023 የገዛው ብሮድኮም በወር ጊዜ ውስጥ፣ አንዴ ተከፍሎ ለዘለቄታው የሚያዘውን ላይሰንስ አስቀረ፤ የቪኤምዌርን ነጻ እትም ኢኤስኤክስአይን በፌብሩዋሪ 2024 አንስቶ በኤፕሪል 2025 መለሰው። በዚያ መሃል ወደ ሌላ የቨርቹዋል ማሽን መድረክ፣ ወደ ፕሮክስሞክስ፣ ለመዛወር የወሰነ ቢሮ ባክአፕ ሶፍትዌሩ አዲሱን መድረክ ያውቀው እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት። ቪም ፕሮክስሞክስን መደገፍ የጀመረው በኦገስት 2024 ነው።

የመድረክ ድጋፍ ስንል ማስታወቂያው ላይ የተደረደሩትን አርማዎች ማለታችን አይደለም። ባክአፕ የሚያደርገው ክፍልና ባክአፕ የሚደረግለት ሲስተም በእትም ደረጃ ሳይቀር መጣጣም አለባቸው። የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበት ይህን በደንብ ያሳያል። አንድ መሐንዲስ በስህተት 300 ጊጋባይት ገደማ የሚሆን የዳታቤዝ መረጃ ሰረዘ። መለስ ብለው ባክአፑን ሲፈልጉ አልነበረም፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ ሳለ ባክአፑን የሚያወጣው ፕሮግራም የ9.2 እትም ስለነበር ሥራው ዝም ብሎ ሲከሽፍ ቆይቷል። መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ለሠራተኞቹ አልደረሱም። ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ባይገኝ ኖሮ ጉዳቱ እጅግ የከፋ ይሆን ነበር። ይህ የደረሰው በመሐንዲሶች በተሞላ ኩባንያ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ በኋላም በዚያው የሚሠራው ኮምፒውተር ብዙ ነው፣ ዊንዶውስ 7 የጫነም አይጠፋም። አዲስ የባክአፕ እትም በወጣ ቁጥር አሮጌ ሲስተሞች ከድጋፍ ዝርዝሩ እየወጡ ይሄዳሉ፤ ቀድሞ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ የሒሳብ ክፍሉ ማሽን ነው።

ክራክ የተደረገ ባክአፕ ሶፍትዌርን በተመለከተ አቋማችን አያወላውልም፤ መጫን የለበትም። በ2024 የቪም ሰርቨር ላይ የተገኘን ቀዳዳ አኪራ እና ፎግ የተባሉት ፋይል ቆላፊ ቫይረሶች ተጠቅመውበታል። ኩባንያው ማስተካከያውን አውጥቶ ነበር፤ የተጎዳው ያላደሰው ነው። ክራክ የጫነ ደግሞ ማደስ አይችልም ወይም ይፈራል። አጥቂ መጀመሪያ የሚፈልገው ባክአፑን መሆኑ እየታወቀ፣ ማን እንደነካካው በማይታወቅ ፕሮግራም የድርጅትን መረጃ ሁሉ ማስያዝ ትልቅ ጥፋት ነው። ገንዘብ የለም ለሚል ሰው ሕጋዊ የሆኑ ነጻ አማራጮች አሉ።

ብይናችን እነሆ። ሰርቨር ወይም ቨርቹዋል ማሽን ላለው፣ የሚጠበቁት ማሽኖችም ከ10 ለማይበልጡ ቢሮ የቪም ነጻ እትም ቀዳሚ ምርጫችን ነው። ለድርጅት ሥራ መጠቀም ይፈቀዳል። ወደሚከፈልበት እትም ያደገ ድርጅትም ላይሰንሱ ቢያልቅበት አዲስ ባክአፕ መውሰድ ይቆማል እንጂ የተወሰደውን መመለስ አይከለከልም። ለእኛ ሚዛኑን የደፋው ይህ ነው። ጠንከር ያለ ማሽን እንደሚፈልግና ነጻው እትም የተረጋገጠ የቴክኒክ ድጋፍ እንደሌለው ግን መታወቅ አለበት።

ሰርቨር ለሌለው፣ በዊንዶውስ ላፕቶፖች ብቻ ለሚሠራ ቢሮ ኡርባክአፕን እናስቀድማለን። ላይሰንሱ ክፍት ነው፣ የማሽን ቁጥር አይገድብም፣ ሰርቨሩም በዊንዶውስም በሊኑክስም ይጫናል፤ ማክ ላይ ግን ፋይሎችን ብቻ እንጂ ሙሉ ሲስተሙን አይወስድም። በትእዛዝ መስመር መሥራት የሚችል ባለሙያ ያለው ድርጅት ሬስቲክን ይያዝ። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ እኩል ይሠራል፤ ሆኖም የይለፍ ቃሉ ከጠፋ መረጃው ለማንም አይከፈትምና ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።

ባክብሌዝን የምንቀበለው ለሁለተኛ ቅጂ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨርንም ሊኑክስንም አይደግፍም፣ በኔትወርክ የተገናኘ የጋራ ማስቀመጫንም አይወስድም። በዚያ ላይ 200 ጊጋባይት መረጃ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላክ፣ መብራትም ኔትወርክም ሳይቋረጥ፣ አራት ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈጃል። ክሊኒኮችና የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዙ ድርጅቶች ደግሞ ወደ ውጭ ክላውድ ከመላካቸው በፊት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያንብቡ። አክሮኒስ ብዙ ዓይነት ማሽን ይደግፋል፣ አቅሙም አያጠያይቅም፤ ቢሆንም ላይሰንሱ በማሽን ዓይነት የተከፋፈለና በየጊዜው የሚታደስ ስለሆነ የምንመክረው ቋሚ የውጭ ምንዛሪ ገቢ ላላቸው ብቻ ነው።

ሶፍትዌር ለሚያቀርቡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች የምንጠይቀው አለን። ፕሮፎርማቸው ከዋጋው ሥር ሦስት ነገር ይግለጽ፦ ላይሰንሱ ካለቀ በኋላ ፋይል መመለስ ይቻል እንደሆነ፣ የሚደገፉት ሲስተሞች ከነእትማቸው፣ እንዲሁም ርክክቡ የሚፈጸመው ገዢው ራሱ ከመረጠው ማሽን አንድ ፋይል ዓይኑ እያየ ተመልሶለት መሆኑን። ገዢዎችም እነዚህ ያልተጻፉበትን ፕሮፎርማ አይፈርሙ።