መዋጮው የማን ነው? ስሙስ የማን?

ወገኔ፣ እስኪ በስልክህ ካስቀመጥካቸው የመዋጮ ዝርዝሮች አንዱን ክፈትና ገንዘቡን ትተህ ስሞቹን ብቻ አንብብ። የፓርቲም ይሁን፣ የወጣት ማኅበርም ይሁን፣ ከውጭ ያሉ ወንድሞቻችን ያሰባሰቡትም ይሁን፣ ግድ የለም። አቶ እገሌ 5,000፣ ኢንጂነር እገሌ 10,000፣ "የእገሌ ጓደኞች" ይህን ያህል። የሴት ስም እስክታገኝ ጣትህ ይደክማል። ከዚያ አንዱ ይነሳና "ሴቶቻችን እኮ ለትግሉ ግድ የላቸውም" ይላል። ሌላው አጨብጭቦ ያልፈዋል።

እኛ ግን አናልፈውም።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ደባርቅና ዳባት ሲገፋ፣ ጭና ላይ ያ ሁሉ ንጹሕ ሰው ሲያልቅ፣ ሌሊቱን ምጣድ ላይ የቆመው ማን ነበር? በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ ከማን ጓዳ ወጣ? ከአዲ አርቃይ በኩል በዛሪማና በድብ ባሕር አድርጎ ሊማሊሞን በእግሩ ወጥቶ የመጣውን ተፈናቃይ ማን ተቀብሎ አበላው? አንድ ጆንያ በሶ ለማውጣት እኮ ገብሱ አለ፣ መቁላቱ አለ፣ የወፍጮው ሒሳብ አለ፣ እንጨቱ አለ፣ የሁለት ሌሊት እንቅልፍ አለ። በደባርቅ ገበያ ዋጋ ብታሰላው ከብዙ "አቶ እገሌ" መዋጮ አያንስም። ሲጻፍ ግን ምን ተባለ? "የደባርቅ እናቶች።" በአንድ መስመር። እናት ስም የላትም እንዴ?

ጥሬ ገንዘቡንም እንየው። በእኛ አገር ዳጎስ ያለው ብር በማን እጅ ይገባል? ጆንያ ገብስና ስንዴ ተጭኖ ገበያ ሲወጣ ሸጦ ብሩን የሚቆጥረው ባል ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ቱሪስት ሲመጣ አስጎብኚው፣ ጠመንጃ ይዞ የሚከተለው ስካውት፣ በቅሎ የሚጭነው አብዛኛው ወንድ ነው። ሴቷ እንቁላል ትሸጣለች፣ ጠላና አረቄ ታወጣለች፣ ቅቤ ትሰፍራለች። ያች ብር ከገበያ ሳትመለስ ጨው ሆናለች፣ ቡና ሆናለች፣ የልጅ ደብተር ሆናለች። እኛ ደግሞ መዋጮ ስንጠራ "ይህን ያህል ሺህ በባንክ አስገባና ደረሰኙን ላክ" እንላለን። የአባልነት ክፍያ ሲሆን ደግሞ ከደመወዝ በመቶኛ እናሰላለን። ደመወዝ የሌላትን፣ የባንክ ደብተሩም ሲም ካርዱም በባሏ ስም የሆነውን ሴት በዚህ መንገድ ልታገኛት አትችልም። ግድ የላትም ማለት ሌላ፣ አልተጠየቀችም ማለት ሌላ።

አሁን አንተን፣ ባለትዳሩን፣ እናናግርህ። ባለፈው 2,000 ብር አስገብተህ ስምህ ወጣ፤ እግዜር ይስጥልን። ገንዘቡ ግን የማን ነበር? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር፤ ያ ቀርቷል። የፌዴራሉን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992ን፣ ብትከፍት ከባልና ሚስት የጋራ ሀብት ላይ ከ100 ብር በላይ ስጦታ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት እንደሚያስፈልግ ታነባለህ። መቶ ብር! (በዚህ ሚዛን ስንቱ ጀግና ለጋሽ እንደሚወድቅ አስቡት።) በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ እኮ የሚስትም ስም ሰፍሯል። ማሳው የሁለት፣ ገብሱ የሁለት፣ ደረሰኙ ግን የአንድ።

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፓርቲዎች አዋጅ፣ 1162/2011፣ ፓርቲ ምንጩ ካልታወቀ ሰው ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላል። የሷ ብር በሱ ስም ሲመዘገብ መዝገቡ የሚናገረው ግማሽ እውነት ነው። የሚያዋጣ ደግሞ ይጠራል። ስብሰባ ላይ ፊት ወንበር ይይዛል፣ እጩ ሲመረጥ ይጠየቃል፣ "ምን ይቅደም?" ሲባል የሱ ጉዳይ ይቀድማል። የወፍጮ፣ የውኃ፣ የወላድ አምቡላንስ ነገር ሁልጊዜ አጀንዳው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለው ለምን ይመስልሃል? ምርጫ ቦርድ ለ2013ቱ ምርጫ ለፓርቲዎች ገንዘብ ሲያከፋፍል የሴት እጩዎችን ቁጥር ከመስፈርቶቹ አንዱ አድርጎ ነበር። መንግሥት ለሴት እጩ ብር መድቦ፣ እኛ "የሕዝብ ልጆች ነን" የምንለው የራሳችንን መዋጮ በሴት ስም መመዝገብ ካቃተን አያምርብንም።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ክፍተቱ አለ። አሜሪካ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙና ሥራው ተመዝግቦ ለሕዝብ ይወጣል። ተመራማሪዎች ስሞቹን እየለዩ ሲቆጥሩ በተለይ ትልልቁ ገንዘብ ከወንዶች እንደሚመጣ አዩ። በ1985 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጥቂት ሴቶች ተሰባስበው ለሴት እጩዎች ገና ከጅምሩ ገንዘብ የሚያዋጣ ድርጅት መሠረቱ፤ ኤሚሊስ ሊስት ይባላል። ስሙ የሰው ስም ይመስላል እንጂ "በጊዜ የተሰጠ ገንዘብ እንደ እርሾ ነው" ከሚል የእንግሊዝኛ አባባል የቃላት መነሻ ፊደሎች የተወሰደ ነው። የነሱ የፖለቲካ አቋም የኛ ጉዳይ አይደለም። እርሾውን ግን ለደባርቅ ሴት ማን ያስተምራታል?

ታሪክ የሚወድም ሩቅ አይሂድ። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ የእቴጌ ጣይቱ አጎት ናቸው። እቴጌይቱ አድዋ የዘመቱት የራሳቸውን ጦር አሰልፈው ነው። ሸዋረገድ ገድሌ በጣልያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ሆና ለአርበኞች መሣሪያና ወሬ ስታቀብል ተይዛ ጣልያን አገር፣ አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዛለች። ስማቸውን በፖስተር ላይ እንለጥፋለን፤ የጎረቤታችንን ስም ግን ደረሰኝ ላይ አንጽፍም።

"ራሳቸው ስማችን አይውጣ ይላሉ እኮ" የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ የሚሉ አሉ። ባሏ ሌላ ፓርቲ የሚደግፍ አለች፣ ቀበሌውን የምትፈራ አለች፣ ከጠላ ያጠራቀመችው ብር እንዲታወቅባት የማትፈልግም አለች። መብቷ ነው። ስም ገጽ ላይ መለጠፍና ስም መዝገብ ላይ መስፈር ግን አንድ አይደሉም። ገጹ ላይ እንዳይወጣ ከፈለገች አይወጣም፤ ደረሰኙ ግን በስሟ ተቆርጦ እጇ ይግባ።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ዝርዝር ጀምሮ በዚህ ገጽ እንዲህ ይሆናል። ከጋራ ቤት የመጣ መዋጮ፣ ሁለቱ ካልተቃወሙ፣ በባልና በሚስት ስም ይወጣል። በሶም ይሁን ጤፍ፣ በዓይነት የተሰጠ በገበያ ዋጋ ተገምቶ ከሰጪዋ ሙሉ ስም ጋር ይጻፋል፤ "የእገሌ ከተማ እናቶች" የሚል መስመር አንቀበልም። ዝቅተኛ መጠን የለም፣ 20 ብርም በቴሌብር ይገባል። በየወረዳው መዋጮ የምታሰባስቡ ልጆች ከገንዘብ ያዦቻችሁ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ ሴት ለሴት ስትጠይቅ በሩ ቶሎ ይከፈታል። እና አንቺ፣ ይህን በወንድምሽ ስልክ እያነበብሽ ያለሽው፣ ባለፈው የሰጠሽው በሌላ ሰው ስም ወጥቶ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልን። እናስተካክለዋለን።