ፍሪጁ አለ፤ ኢንሱሊኑስ?

«አገሩ ቆላ ነው፤ መብራት ይቆራረጣል፤ ኢንሱሊን ይበላሻል።» ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ፣ ከያቤሎ እስከ ፊልቱ፣ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ልጆች ጉዳይ ስታነሱ የምትሰሙት መልስ ይኸው ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ሰበብ ሆኗል።

መጀመሪያ ግን ያን «የሀብታም በሽታ» የሚባለውን ወሬ እንተወው። ዓይነት አንድ ስኳር ከመላስ አይመጣም። የሰውነት መከላከያ ራሱ ዞሮ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ያጠፋል። ወተት ጠጥቶ ያደገ የእረኛ ልጅም ይይዘዋል። ከያዘው በኋላ ያለ ኢንሱሊን አይኖርም። እ.ኤ.አ. ጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊሞት የደረሰ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ተወግቶ 13 ዓመት ተጨማሪ ኖረ። ፈልሳፊዎቹም የባለቤትነት መብቱን ለዩኒቨርሲቲው በየአንድ ዶላር ሰጡ። ይህ ከሆነ መቶ ዓመት አልፎታል!

አሁን ወደ ሰበቡ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። አብዛኛው ክትባትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ክትባቱ ቆላ ይደርሳል አይደል? በፍሪጅ፣ በበረዶ ሣጥን፣ መብራት በሌለበት በፀሐይ ኃይል። የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት ነገሌ ቦረና ላይ ቅርንጫፍ አለው። ታዲያ የክትባቱ ፍሪጅ ጎን ለኢንሱሊን የሚሆን አንድ መደርደሪያ እንዴት ጠፋ?

ቤት ውስጥስ? ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከድንበሩ ማዶ፣ ኬንያ ዳዳብ ባለው የዳጋሃሌ መጠለያ ያለውን ሙቀት ለክተው እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤት አሳትመዋል። ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት 4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከነበረው እኩል ሠርቷል። ብልቃጡን ፀሐይ ላይ አስቀምጡ ማለት አይደለም። ፍሪጅ የሌለው ቤተሰብ ልጁን ማሳከም አይችልም የሚለው ፍርድ ግን ወድቋል።

እኔን ከሙቀቱ በላይ የሚያስፈራኝ ድርቁ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ በከሸፈበት አገር፣ የጠማውና የከሳ ልጅ ማንን ያስደነግጣል? ሽንቱ መብዛቱን ማን ይጠይቃል? ማስታወክ ሲጀምርና ትንፋሹ ሲከብድ «ወባ ነው» ይባላል። አንድ ጠብታ ደም ስትሪፕ ላይ ቢደረግ ግን በሰከንዶች ይታወቅ ነበር።

ከታወቀም በኋላ ገንዘቡ አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ትክክልም ነው። የነፃ ኢንሱሊን ጉዳይ ግን በአንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች በለጋሽ ፕሮግራም ላይ ተንጠልጥሏል። የነገሌ እናት ለአንድ ብልቃጥ እስከ ሐዋሳ ትሳፈር?

ጎንደርና ጅማ ላይ ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያ የስኳር ታካሚን ሲከታተሉ ዓመታት ተቆጥረዋል። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሎሜ ላይ የአፍሪካ ጤና ሚኒስትሮች ይህን የመሰለ ሕክምና እስከ ወረዳ ሆስፒታል እንዲወርድ ስትራቴጂ አጽድቀዋል። ፈርመው ተመለሱ።

ትምህርት ቤቱም አለበት። ስኳሩ የወረደበት ተማሪ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይፈዛል። መምህሩ ሰነፍ ወይም ሱሰኛ ይለዋል፤ የሚያስፈልገው ግን ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ከብት ይዞ ፎራ የሚወርደው ወጣትማ ከነጭራሹ ማንም አያየውም።

ኅዳር 5 የዓለም የስኳር ቀን ነው። ቲሸርት ለብሳችሁ የምትራመዱ ኃላፊዎች ሆይ፦ ዛሬ ነገሌ ቦረና ላይ ስንት ብልቃጥ ኢንሱሊን፣ ስንት ስትሪፕ አለ? ቁጥሩን ንገሩን።