አውቶሞቢልን ስለ ማስጌጥና ዝቅ ስለ ማድረግ

ጐልማሳ ልጅ ካለበት ቤት አንዲት አውቶሞቢል ስትገባ ሁለት አሳብ አብሮ ይገባል። አባት «ሰውና ዕቃ ታመላልስልናለች» ይላል፤ ልጅ ደግሞ «እንዴት አድርጌ ላሳምራት?» ይላል። ልጁን ጥፋተኛ አንለውም። የወሎ ሰው በቅሎውን ግላስ አልብሶ፥ በአንገቷ ድሪ አጥልቆ ወደ ንግሥ በዓል ሲሄድ የኖረ ነውና፥ የሚቀመጡበትን ማስጌጥ ከውጭ አገር የተማርነው ነገር አይደለም። ነገር ግን ታምርለት ዘንድ የበቅሎውን እግር ያሳጠረ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ይህን ማለታችን፥ በአዲስ አበባ ዲኤክስ የምትባለውን የቀድሞ ቶዮታ ኮሮላ ከሚወዱት ወጣቶች መካከል ቀለሟን፥ ቸርኬዋንና ወንበሯን ከማደስ አልፈው ቁመቷንም ዝቅ የሚያደርጉ ስላሉ ነው። መልኩም በስልክ እየታየ ከወረኢሉ ልጆች ዐይን ደርሷል።

የነገሩ መነሻ ሩቅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርንያ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጆች አሮጌ ሸቭሮሌት እየገዙ፥ ከኋላው የአሸዋ ከረጢት እየጫኑ ወይም ሞላውን እየቈረጡ ወደ መሬት ያስጠጉት ነበር። በ1950 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958) የአገሩ ሕግ የመኪናው አካል ከቸርኬው ታችኛ ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ከለከለ። ብዙም ሳይቈይ ሮን አጊሬ የሚባል ሰው በዘይት ግፊት እንደ ፈቃዱ ከፍና ዝቅ የምትል ኮርቬት ሠራ። ክልከላው የተነሣው ገና በ2016 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ሰዎች የተናቁ ነበሩና በመኪናቸው ጌጥ ክብራቸውን ያሳዩ ነበር፤ በአንዳንዱም ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሥሎ ይታያል። የእኛም ሾፌሮች የቅዱስ ሚካኤልንና የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል በመስታወት ላይ ይለጥፋሉ። (ሥዕሉ የኋላውን መስታወት ሸፍኖ የሚከተለውን መኪና የሚጋርድ ከሆነ ግን ቦታው እዚያ አይደለም።) የካሊፎርንያዎቹ ዝቅ ያለ መኪና በለሰለሰ አስፋልት ላይ ቀስ ብሎ የሚንሸራሸር ነው።

ወደ ሞላው እንመለስ። ሞላ የተጠቀለለ የብረት ዘንግ ነው፤ ጥቅሉ ባነሰ መጠን ይጠጥራል። ከስምንት ጥቅል ሁለቱን የቈረጠ ሰው ሞላውን በሲሶ ያህል አጠጠረው ማለት ነው፤ መኪናዋም ጕድጓድ ባገኘች ቍጥር ድንጋጤው ለተሳፋሪው ወገብ ይተርፋል። አሞርዛተሩ ለቀድሞው ቁመት የተሠራ ስለ ሆነ ያለ ጊዜው ያልቃል፤ ጎማው ወደ ውስጥ ያዘነብልና ውስጡ ብቻ ይበላል። ጎማው ወደ ጕድጓድ ሲወርድም የተቈረጠው ሞላ ከመቀመጫው ሊለቅ ይችላል። ከዚህም የከፋው ሞላውን በእሳት አግሎ ማሳጠር ነው፤ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘው ጥንካሬ በጋለ ጊዜ ይጠፋልና። ለዚሁ ተብሎ በፋብሪካ የሚሠራ አጭር ሞላ ግን ሌላ ነው። መኪናዋን ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ያወርዳል፤ ክብደቷ ወደ መሬት ስለሚቀርብም በመታጠፊያ ላይ ወደ ጐን ማዘንበሏ ይቀንሳል። ይህ ጥቅም እውነተኛ ነው፥ አንሸሽገውም።

ነገር ግን የት ልትነዳ? ወረኢሉ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘማች እንዲከትባት የታዘዘባት ከተማ ናት፤ ያ ሁሉ ሠራዊት የመጣው በእግር፥ በፈረስና በበቅሎ ነበር፤ አገሩም ዛሬ ቢሆን ኮቴ ይወዳል። ከደሴ በጉጉፍቱ ያለው ዳገት ይታለፍ እንበል፤ ከዋናው መንገድ ወደ ሰው ደጅ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያለው ድንጋይና በክረምት የሚይዘው ዋልካ አይታለፍም። በዚያ ላይ አምስት ሰው፥ አንድ ኩንታል ጤፍና ለበዓል የተገዛ በግ ይጫናል። በዚህ ሁኔታ አንድ ስለታም ድንጋይ የሞተሩን ዘይት መያዣ ከቀደደ፥ ዘይቱ ፈስሶ ሞተሩ ይነክሳል፤ የዓመታት የቤተሰብ ቍጠባም አብሮ ይቆማል። ምጥ የያዛትን ሴት ሌሊት ወደ ደሴ የሚያደርሱባት መኪና ያቺው ብትሆንስ?

ስለዚህ ልጁ ከጋራዥ ሳይሄድ አባት እንዲህ ያድርግ፤ ቤተሰቡን በሙሉና ጤፉን ጭኖ መኪናዋን በደልዳላ ቦታ ያቁም። ከሆዷ ዝቅ ካለው ስፍራ እስከ መሬት ያለውን ልጁ ራሱ በስንዝር ይለካ፤ ከዚያም ያንኑ ስንዝር ይዞ ወደ ቤት የሚያስገባውን መንገድ በእግሩ ይሂድና ድንጋዩን ይለካ። ከዚህ በኋላም ዝቅ ትበል ካለ፥ አራቱም ሞላዎች ለዚያችው ዓይነት መኪና የተሠሩ አዲስ ይሁኑ፤ አሞርዛተሩም አብሮ ይለወጥ፤ የጎማው አቋቋምና የፊት መብራቱ ይስተካከል። የለም፥ ይቅር ካለ ደግሞ ለሞላ የታሰበው ገንዘብ ለአራት ደኅና ጎማ ይዋል፤ ከተረፈም ወንበሩን በወደደው ቀለም ያስለብስ።