የሳኔቲ ወፎች ጎጆና የእኛ ውሃ

 

ስለ ባሌ ተራሮች ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ቀይ ቀበሮ ነው። ይገባዋልም፤ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም። ዛሬ ግን ብዙም ስለማይወራላቸው ወፎች ማንሳት ፈለግን።

ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የሳኔቲ አምባ በክረምት ውሃ ይቋጥራል። ቁመቱ ከ1.5 ሜትር የሚያልፈው፣ ከጉንጩ ስር ቆዳ የተንጠለጠለበት ክሬን እዚያ ረግረግ ላይ ጎጆውን ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው፤ እሱም ለመብረር ከ3 ወር በላይ ይፈልጋል። ከአገራችን ውጭ የማይገኘው ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይም የሚፈለፍለው መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው።

አደጋው ያለውም እዚሁ ላይ ነው። መሬት ላይ ያለ እንቁላል የከብት ኮቴ ይረግጠዋል፣ ከእረኛው ጋር የመጣ ውሻ ይበላዋል። ለግጦሽ ተብሎ አስታው ይቃጠላል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ፣ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም ሰፈራውና የገብስ እርሻው ወደ ውስጥ መግፋቱን አልተወም።

«ወፍ ቢጠፋ ምን ይጎዳናል?» የሚል አይጠፋም። ጎጆውን የሚያፈርሰው ኮቴ ውሃ የሚይዘውንም አፈር ይደፈጥጠዋል። ሶፍ ኡመር ዋሻን አቋርጦ የሚያልፈው የወይብ ወንዝ የሚነሳው ከእነዚህ ተራሮች ነው። ገናሌም ከዚሁ ይመገባል፤ እስከ ሶማሊያ ድረስ ስንቱ ይጠጣዋል! የወፉ ጉዳይ የውሃ ጉዳይ ነው።

ታዲያ አርብቶ አደሩ ይባረር እንላለን? በፍጹም! የባሌ አባቶች ጎዳንቱ በሚባለው ልማዳቸው ከብቱን በየወቅቱ ያዘዋውሩ ነበር፤ ሣሩም በዚያ መካከል ያርፋል። ያጠፋን ይህን እረፍት ማጣቱ ነው። በእኛ እምነት፣ ረግረጉ ወፎቹ በሚፈለፍሉበት ክረምት ከግጦሽ እንዲያርፍ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይወስኑ፤ ከብቱን ለሚያስቀረው ቤተሰብም ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ በእርግጥ ይድረሰው። ጥቅሙን ያላየ ሰው ቅርስ ጠብቅ ቢባል አይሰማም፣ አይፈረድበትምም።

እኛ ከተሜዎችም ነፃ አይደለንም። የምንገዛው ማገዶ ከየት ተቆረጠ? ለሌላ ሰው አስረክበን የምናስጠብቀው ከብት የት ይግጣል? በክረምት ለፎቶ ብለን ረግረጉ ውስጥ ስንገባ ምን ረገጥን? እረኛውን ከመውቀሳችን በፊት እነዚህን እንመልስ።

ተራራው በእጃችን ያለ አማና ነው። አማናውን ከሚጠብቁት አላህ ያድርገን።