ስለ ከተማ ጥራጊና ስለ እርሻ መሬት

የከተማና የወረዳ ሹማምንት፣ ባለ መሬቶችም ሆይ፤

ጥራጊ ባለቤቱ የተወው ሀብት ነው እንጂ ዋጋ የሌለው ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ከየቤቱ ከሚወጣው ጥራጊ ከግማሹ የሚበልጠው የምግብ ትራፊ፣ ልጣጭና ቅጠል ነው፤ ይህም ከእርሻ የመጣ ስለ ሆነ ወደ እርሻ ሊመለስ ይገባዋል። እኛ ግን ከጠርሙስ ስባሪና ከፌስታል ጋር ደባልቀን ከአንድ ስፍራ እንከምረዋለን።

ክምሩ የሚያመጣውን ጉዳት በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ አይተነዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ በአጠገቡ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። በ2010 ዓ.ም. በዚያው አቅራቢያ ጥራጊ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያወጣ ፋብሪካ ተመረቀ። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን እርጥብ ልጣጭ ለእሳት አይመችም፤ ለመሬት ግን ምግቡ ነው።

ይህም እንግዳ ትምህርት አይደለም። የጉራጌና የሲዳማ ገበሬ የከብቱን ፍግ ለእንሰቱ እየሰጠ የጓሮውን መሬት ለልጅ ልጁ ያቆያል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ቁራሌውም ማንም ሳያዘው በየሰፈሩ እየዞረ ብረቱንና ጠርሙሱን ይገዛል። እንግዲህ ሕዝቡ ያውቅበታል፤ የጐደለው የሹም ዝግጅት ነው።

ሕግም ወጥቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤት ባለቤት ዳግመኛ ለሥራ የሚውለውን ጥራጊ ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር። ነገር ግን ሰው ለይቶ ያኖረውን ጋሪው መጥቶ ሲደባልቅበት ያየ እንደ ሆነ፣ በማግሥቱ አይለይም። ስለዚህ ሹሙ አስቀድሞ ሦስት ነገር ያሰናዳ፤ ለእርጥቡና ለደረቁ የተለያየ መሰብሰቢያ፣ እርጥቡ እየተገላበጠ የሚበሰብስበት ስፍራ፣ ብስባሹን የሚገዛ ገበሬ። መለየቱም ከቤት ደጃፍ ይጀምር፤ ስባሪና የባትሪ ድንጋይ የተቀላቀለበት ብስባሽ እርሻውን ያበላሻልና።

ወጪው ይበዛል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ውሃ ያዘለውን ልጣጭ በመኪና አጓጉዞ መጣልም ወጪ ነው። ብስባሹ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ማዳበሪያ ፈጽሞ ባይተካም፣ አፈሩን ያለሰልሳል፤ እርጥበትም ያስይዛል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሹም ለእርሻ ከቀረቡት ቀበሌዎች አንዱን መርጦ ይጀምር፤ ለአንድ ዓመትም የሰበሰበውን፣ ያበሰበሰውንና የሸጠውን በመዝገብ ይያዝ። መዝገቡ ትርፍ ያሳየ እንደ ሆነ ሁለተኛውን ቀበሌ ማስከተል አይቸግርም።